ልጆቼን አዲስ አበባ የት የት ላሳያቸው?

«እህቴ እንደምን አለሽ? የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ነው። ነሐሴ 11 ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ እህቴ ጋ እመጣለሁ፤ እስከ 17 እንቆያለን። ወንዱ 10 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ አምስት ሞልቷታል። ሁለቱም አዲስ አበባን አያውቋትም። እህቴ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ሥራ ስለምትውል ልጆቹን የማዞራቸው እኔው ነኝ። ባለቤቴ ‹ሞል ውሰጃቸው፣ አይስክሬም ይብሉ፣ በቃ› ይላል። እኔ ግን የማይረሱት ነገር እንዲያዩ እፈልጋለሁ። የያዝኩት ገንዘብ ብዙ አይደለም። የእህቴ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፤ የኔዎቹ እነሱ ፊት እንዳያፍሩ እሰጋለሁ። ወንዱ ደግሞ ዘንድሮ ፍልሰታን ከአያቱ ጋር ይጾማል። ሌላው፣ ይኸው ልጅ የሦስት ዓመት ልጅ እያለ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የበዛበት ቦታ ስገባ ልቤ ይርዳል። የአምስት ዓመት ልጅስ ሙዚየም ምን ይገባታል? ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ጥያቄሽ ብዙ ነው፣ ግን አንዱን ካስቀደምኩልሽ ሌላው ይቀላል። በቀን አንድ ቦታ ብቻ ውሰጃቸው። ጠዋት ሂዱ፣ እስኪበቃቸው ይዩ፣ ከምሳ በኋላ ቤት ግቡ። ከሰዓቱን ከአክስታቸው ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ይሩጡበት።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የወንድሜ ልጆች ከጎንደር መጡልኝ። ሁሉንም ላሳያቸው ብዬ በአንድ ቀን ሙዚየም፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፓርክ፣ በመጨረሻ ደግሞ ሞል አዞርኳቸው። ማታ እራት ላይ «ዛሬ ከሁሉ ምን ደስ አላችሁ?» ብላቸው፣ ትንሿ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እጅ ማድረቂያው!» ሞሉ ሽንት ቤት ውስጥ ያለው፣ እጅ ከሥሩ ሲያደርጉ ሙቅ አየር የሚነፋው ነገር። መጀመሪያ ከፋኝ። ተኝቼ ሳስበው ግን ገባኝ። እዚያ ጋ እህቷን እየጠበቅን ስለነበር አላጣደፍኳትም፣ አሥር ጊዜ እጇን እያስገባች እያወጣች ተጫወተችበት። ሌላው ቦታ ሁሉ «ነይ፣ ቶሎ በይ» እያልኩ እጇን ስጎትት ነው የዋልኩት። ልጅ የሚያስታውሰው የቆየበትን ነው።

አሁን ወደ ጉዞሽ። መጀመሪያ ሹራብ! ድሬ ላይ ቲሸርት ይበቃል፣ እዚህ ግን ነሐሴ ማለት ዝናብና ብርድ ነው፤ ከተማችን ከድሬ በአንድ ሺህ ሜትር ከፍ ትላለች። ለእያንዳንዳቸው አንድ ወፍራም ሹራብ፣ አንድ ዝናብ የሚችል ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ትርፍ ካልሲ ያዢ። እግሩ የረጠበ ልጅ አንበሳም ብታሳዪው አያይልሽም። ሲያለቅስ ነው የሚውለው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጠነክር ጠዋት ውጡ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።

በባቡር ከመጣችሁ የምትወርዱት ለቡ ነው። አያት ደግሞ የከተማው ሌላኛው ጫፍ። ስለዚህ የመጣችሁ ዕለት ምንም ፕሮግራም አትያዢ፤ ራይድ ወይም ፈረስ የሚባለውን የስልክ ታክሲ ጥሪና በቀጥታ ወደ እህትሽ ቤት። ይብሉ፣ ይተኙ።

በማግስቱ ነሐሴ 12 ነው። የቡሄ ዋዜማ! ቀኑን ሳታስቢበት ከሆነ የመረጥሽው እግዜር መርጦልሻል። ለልጅ ከዚህ የበለጠ መዝናኛ ይህች ከተማ የላትም፣ መግቢያም አይከፈልበትም። ማታ ችቦ ይበራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ኮንዶሚኒየም ላይ ድምፁን ብትሰሚው! ደረጃውን በዱላ እየደበደቡ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ሕንፃው በሙሉ ያስተጋባል። አውራጁ ይላል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፣ በር ይከፈታል፣ ሙልሙል ዳቦ ወይም ብር ይሰጣቸዋል። ለእህትሽ ዛሬውኑ ደውይላትና ልጆቿ ያንቺን ልጅ ከጭፍራቸው እንዲያስገቡት ቀድማ ትንገራቸው በይ፤ ዱላም ያዘጋጁለት። እመኚኝ፣ አብሮ የጮኸና ያገኙትን ብር ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አብሮ የተካፈለ ልጅ በማግስቱ ማንም ፊት አያፍርም። ትንሿም «እኔም» ማለቷ አይቀርም። አንቺ ከኋላ ሆነሽ የራሳችሁን ብሎክ ብቻ ትዙር፣ ከዚያ ሙልሙሏን ይዛ ትግባ።

ስለ እፍረቱ ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ አዲስ አበባን አይቷል ብለሽ አታስቢ። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ነው ኑሮው። ድንቅነሽን ያላየ ስንት የቦሌ ልጅ አውቃለሁ። የእህትሽን ልጆች አብረሽ ውሰጃቸው፤ ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ካዩት ማንም አስጎብኚ፣ ማንም እንግዳ አይሆንም። ልጅሽ ደግሞ እነሱ የማያውቁት የሚያውቀው ነገር አለው። ባቡር!

እሱን ለ14 አቆዪው። ከአያት ቀላል ባቡር ተሳፈሩ። ጠዋትና ማታ የሥራ ሰዓት ላይ ሰው ስለሚጨናነቅ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ውጡ። ትኬቱ ርካሽ ነው። መስኮት ጋ አስቀምጫቸው፤ መሐል ከተማ ሲደርስ ባቡሩ ከመኪናው በላይ በድልድይ ላይ ስለሚሄድ ከላይ ሆኖ ታክሲውን፣ ሰውን፣ ሱቁን ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ለገሃር ውረዱ። ድሬም ለገሃር አለ አይደል? ለልጅሽ ይህን ንገሪው፤ የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ አበባ ለመግባት ግን ከዚያ በኋላ ወደ 15 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ድሬ ባቡር ስታይ እዚህ ገና በበቅሎ ነበር! ይህን ለአክስቱ ልጆች እሱ ራሱ ያስረዳቸው። ከድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ፤ ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰ አንበሳ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል። «እንዴት ጫኑት?» ብሎ ያደርቅሻል።

መንገድ ላይ ሳለን፣ ሚኒባስ ስትገቡ ለረዳቱ ገና በሩ ላይ «ትንሿ ትታቀፋለች» በዪው፤ ከዚያ በኋላ በሒሳብ አትጨቃጨቁም። ባጃጅ የለመዱ ልጆች ናቸው፣ መሐል ከተማ ግን ባጃጅ ስለማታገኚ የእግር መንገድ እንዳለ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ጫማቸውም የተለማመዱት ይሁን።

አሁን ሙዚየሙ። ትንሿ ምን ይገባታል ብለሻል። ይገባታል፣ እንዲያውም ከወንድሟ በላይ! ግን ሙሉ ሙዚየሙን አትዙሩ። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን በስልክ አረጋግጪና፣ ስትገቡ በቀጥታ ድንቅነሽ ወዳለችበት ወደ ታች ውረዱ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው የተገኘችው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። ሚሊዮኑን ለትንሿ አታስረጂ፣ ምንም አይላትም። ይልቅ ከቆመችው ድንቅነሽ አጠገብ አቁሚያት። የድንቅነሽ ቁመት 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ማለት እኮ ነው! ትልቅ ሴት ሆና፣ በእሷ ቁመት። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ «በጫማ አይቆጠርም» ብላ። ትከሻ ለትከሻ ቆማ፣ እጇን ከጭንቅላቷ ወደ መስታወቱ እየወሰደች፣ እየመለሰች፣ ሩብ ሰዓት ያህል ስትለካ ነበር። ማንም አላጣደፋትም።

ቀጥሎ ሰላምን ፈልጉ። ዲኪካ የተገኘች፣ ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች ሕፃን ናት፤ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ነው ያገኛት። ልጆችሽ «የድንቅነሽ ልጅ ናት?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አይደለችም። ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ ከድንቅነሽ በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች። ወንዱ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይይዛል። «እውነተኛው አጥንት ይሄ ነው?» ካሉሽም አትዋሺያቸው። ለእይታ የቀረበው ቅጂ ነው፣ ዋናው በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል። ልጅ እውነቱ ሲነገረው ደስ ይለዋል፤ «ታዲያ የት ደበቁት?» የሚለው ጨዋታ ራሱ እስከ ቤት ይወስዳችኋል። ከፍ ብሎ የንጉሡን ትልቅ ዙፋን አይታችሁ ውጡ። በቃ። ሥዕሉን፣ ሸክላውን ሌላ ጊዜ ያዩታል።

ለዚህ ቀን 15ን እመርጥልሻለሁ፣ ምክንያቱም ልጅሽ እየጾመ ነው። ሙዚየም ብዙ አያደክምም። ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚበላውን ቋጥረሽ ያዢለት፣ ለትንሿ ደግሞ ለብቻ ቆሎና ዳቦ፤ እሱ ፊት ግን አታብያት፣ ትንሽ ዘወር በሉ። ሲበላ ደግሞ መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ጥብስ አለ፣ ወቅቱ ነው። ትኩሱን በቅጠሉ ይዞ እየነፋ ይብላ።

እንጦጦን ሆን ብዬ ለ17 ነው ያቆየሁልሽ። ጾሙ በ16 ይፈታል፣ ያን ቀን ከእህትሽ ጋር ቤት ዋሉ። ባዶ ሆዱን ያለን ልጅ ወደዚያ ተራራ ማውጣት ልክ አይደለም፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ትልቅ ሰውም ያለከልካል። እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ በገመድ ላይ መንሸራተቻም አለ። እነዚህ ለየብቻ ስለሚከፈልባቸው ከቤት ሳትወጡ «እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ትመርጣላችሁ» ብለሽ ቃል አስገቢያቸው፤ እዚያ ደርሰሽ ብትነግሪያቸው ለቅሶ ነው። የምንሊክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው። ልጆች ቤተ መንግሥት ሲባሉ ፎቅ ነው የሚጠብቁት፣ ዝቅ ያለች የጭቃ ቤት ሲያዩ ይገረማሉ። ዛፉን ሁሉ አሳዪያቸው፤ ባሕር ዛፍን ያስመጡት ምንሊክ ናቸው፣ ማገዶ አልቆ ከተማው ሊነሳ ሲል። ለእኔ ግን ዋናው ጨዋታ ሌላ ነው። ከተማው ወደሚታይበት ጠርዝ ወስደሽ «አያት በየት በኩል ነው?» በያቸው። ይከራከሩ። ጉም ከሆነ ምንም ስለማይታይ ጠዋት በመስኮት ሰማዩን አይተሽ ወስኚ።

ገንዘብ ለአንድ ውድ ቦታ ብቻ ከበቃሽ አንድነት ፓርክን ምረጪ፣ ለ13 ይሁን። የመግቢያ ዋጋው ከሙዚየሙ ይበልጣል፤ ግን የምንሊክ ግቢ ነው፣ ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳም አለው። መታወቂያሽን አትርሺ፣ ፍተሻ አለ። ለገሃር የነሐሱን፣ እዚህ የነፍሱን አንበሳ ያያሉ ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ ከዘነበስ? አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። የልጆች ክፍል አለው። ይቀመጡ፣ ይግለጡ፣ አንቺም ትንሽ ትንፋሽ ታገኛለሽ። ዝናቡ ማታ ላይ ካባራ ደግሞ መስቀል አደባባይ ውሰጃቸው፤ ልጆች በሮለር ስኬት ሲበሩ ማየት ብቻውን ይበቃል።

ባለቤትሽም አልተሳሳቱም። ሞል አንድ ከሰዓት ይሁን። ተንቀሳቃሽ ደረጃው ለትንሿ ተአምር ነው፤ ረጅም ቀሚስና ነጠላ ጫማ ግን እንዳታደርግ፣ ጫፉ ይይዛል፣ አንቺም እጇን ይዘሽ አብረሽ ውጪ። ብቻ የመጨረሻው ቀን ላይ እንጂ የመጀመሪያው ላይ አታድርጊው። በሞል ከጀመርሽ ሙዚየም ውስጥ ሆነው «ወደዚያ እንመለስ» ነው የሚሉሽ።

የማልመክርሽ ሁለት ቦታ አለ። መርካቶ አንዱ ነው። እወዳታለሁ፣ ግን ሁለት እጅ ነው ያለሽ፤ አንዱ ቦርሳ፣ አንዱ ልጅ ከያዘ ሁለተኛውን ልጅ ማን ይይዘዋል? ሌላው መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ነው። ልጅሽ ሲያድግ ያየዋል፣ ማየትም አለበት፤ በአምስትና በአሥር ዓመት ግን የራስ ቅል ከፎቶ ጋር አይተው ሌሊት መተኛት ያቅታቸዋል።

ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ቀፊራ ላይ የደረሰብሽን አነበብኩና ሆዴ ተላወሰ፣ ምክንያቱም እኔም አንድ ባዛር ላይ የእህቴን ልጅ ለሃያ ደቂቃ አጥቻታለሁ። እግሬ መሬት አልነካ አለ። የተገኘችው እንጀራ ምጣድ ከሚሸጡ አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ሳልወጣ የማደርገውን ልንገርሽ። ስልክ ቁጥሬን ክንዳቸው ላይ፣ ከእጅጌው ሥር በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ዝናብ እንዳያጠፋው ሌላ በወረቀት ጽፌ ኪሳቸው እከታለሁ። ሁሉንም ደማቅ አንድ ዓይነት ቀለም አለብሳቸዋለሁ፣ በር ላይ አቁሜ ፎቶ አነሳቸዋለሁ፤ ቢጠፉ «ምን ለብሳ ነበር?» ሲሉኝ አልንተባተብም። የምነግራቸውም አንድ ነገር ነው፤ «ካጣችሁኝ አትፈልጉኝ፣ ባላችሁበት ቁሙ፣ እኔ እመጣለሁ። ከቆየሁ ልጅ የያዘች እናት ወይም ፖሊስ ጠይቁ።» እቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አለማምጂያቸው። ትንሿ ስሟን ከነአባቷ፣ የአክስቷን ሰፈርና የብሎክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ። መገናኛ ላይ ታክሲ ስትቀይሩ ብቻ ነው በጣም የምትጠነቀቂው። እዚያ ወንዱ ቦርሳሽን ከፊት ይያዝልሽ፣ አንቺ ትንሿን እቀፊ። ኃላፊነት የተሰጠው ልጅ ከጎንሽ አይርቅም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ከድሬ ሳትነሱ ትንሿን ያለ ጫማ ግድግዳ ላይ አስጠግተሽ ቁመቷን በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ በሜትር ለኪና ደብተር ላይ ጻፊው። ሙዚየሙ ውስጥ ከድንቅነሽ ጎን ስታቆሚያት ያን ወረቀት አውጪ። ስትመለሱ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ከሁለቱ ማን እንደረዘመ ማወቅ እፈልጋለሁ።